ያልታወቀ ለማን?

«ከእንግዲህ በአማርኛ አልጽፍም። ማን ያውቀኛል?»

ይኸን ያለን ከመካከላችን አንዱ ነው። ስሙን አንጠራም፤ ግጥሞቹን በዚሁ መጽሔት ያነበበ ማን እንደሆነ አያጣውም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እንደ ልማዳችን ቦሌ ሚካኤል፣ ሁለቱ ጓደኞቻችን በተከራዩዋት ጠባብ ክፍል ተሰብስበን ሻይ እየጠጣን ነበር። ነገሩ በቀልድ ተጀምሮ ክርክር ሆነና እስኪመሽ አላለቀም። እኛም ብንሆን ሐሳቡ በልባችን አልፎ የማያውቅ አይደለንምና መልስ አጣንለት። መልሱ፣ መልስ ከተባለ፣ የመጣው ካልጠበቅነው ቦታ ነው፦ ከአንድ ግራጫ የፕላስቲክ መጫወቻ። ዛሬ የምንተቸውም ያንኑ መጫወቻና በውስጡ ያገኘነውን ሥራ ነው።

«ጌም ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በሥነ ጽሑፍ መጽሔት የሚተቸው?» የሚለን አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። ታሪክ ካለው፣ ገጸ ባሕርይ ካለው፣ ቃል ተመርጦ ቀልድ ከተቀለደበት፣ ቅርጹም ይዘቱን ለመሸከም ከታሰበ፣ እንዲተች የሚከለክለው ምንድን ነው? መጥፎ ከሆነም መጥፎ ነው ብለን እንጽፋለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቦሌ ሚካኤልን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ጎን የተለጠፈ ሰፈር ነው፤ አውሮፕላን ሲነሣ ወሬ ይቋረጣል፣ ካለፈ በኋላ ከተቋረጠበት ይቀጥላል። ሱማልኛው፣ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ዓረብኛው በአንድ መንገድ ላይ ይገበያያል። በላቲን ፊደል በሱማልኛ የተጻፈውን የሱቅ ማስታወቂያ ፊደል በፊደል እናነበዋለን፤ ምን እንደሚል ግን አናውቀውም። ሆኖም ገብተን እንበላለን፤ ሩዙ ሩዝ ነው፣ ሻዩም ሻይ ነው። ሳይገባን ማንበብን የለመድነው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም።

መጫወቻውን ያገኘነው ከአንድ ስልክ ጠጋኝ ሱቅ፣ የተሰበረ ቻርጀርና የሬዲዮ ሬሳ ከሞላበት ካርቶን ውስጥ ነው። ባለሱቁ «ከዱባይ ከመጣ አሮጌ ዕቃ ጋር የመጣ ነው፤ ይሥራ አይሥራ እንጃ፤ ከፈለጋችሁ ውሰዱት ልጆቼ» ብለው በጥቂት ብር ሰጡን። የኒንቴንዶ ጌም ቦይ ነበር። ይህ ዕቃ ለገበያ የቀረበው በ1989 ሲሆን መስተዋቱ 160 በ144 ነጥብ ብቻ ነው። ቀለም የለውም፤ ያለው አራት ዓይነት አረንጓዴ መሰል ጥላ ነው። የራሱ ብርሃንም ስለሌለው እንደ መጽሐፍ ወደ መስኮት ተጠግተው ነው የሚያነቡት። በአራት ቀጫጭን የባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ከጀርባው አንድ ካሴት ተሰክቶ ነበር፤ የካሴቱ ጽሑፍ ጃፓንኛ ነው። ጌም ቦይ ደግሞ የካሴት አገር አይለይም። የጃፓኑ ካሴት የትም በተሸጠ ጌም ቦይ ላይ ይሠራል። ድንጋይ ገዝተን አስገባን፤ ማብሪያውን ገፋነው፤ በራ!

ሥራው «ካኤሩ ኖ ታሜ ኒ ካኔ ዋ ናሩ» ይባላል። ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ደወሉ ለእንቁራሪት ይደወላል» እንደማለት ነው። በመስከረም 1992 በጃፓን ወጣ፤ የሠሩት ኒንቴንዶና ኢንተሊጀንት ሲስተምስ ናቸው። ከጃፓን ውጭ ለገበያ አልቀረበም። በውጭ አገር ሰዎች አፍ «ያልታወቀ የጃፓን የእጅ ጌም» ከሚባሉት አንዱ የሆነውም በዚህ ነው።

መጀመሪያ የተጫወትነው አንዲት ቃል ሳይገባን ነው። ጨዋታው የደረስንበትን ቦታ መዝግቦ ማቆየት ነበረበት፤ መዝገቡን በሕይወት የምታቆየው በካሴቱ ሆድ ያለች ትንሽ ባትሪ ግን ከሞተች ቆይታለች። በጠፋ ቁጥር ሀ ብለን እንጀምራለን። ስለዚህ ተራ ገባን፤ አንዱ ሲደክመው ለሌላው እያቀበለ፣ ሳናጠፋ አደርን። ያየነውን በራሳችን ታሪክ ሞላነው። ሁለት ልዑላን አሉ፤ አንዱ ሁልጊዜ ይቀድማል፣ እኛ የምንመራው ሁልጊዜ ይዘገያል። ቀዳሚውን «ክፉው ወንድም» ብለን ሰየምነው። የእኛው ልዑል ውኃ ሲነካው እንቁራሪት ይሆናል። ይኸንንም «የዙፋን ቅጣት ነው፤ አባቱ ረግሞታል» ብለን ተረጎምነው። ደስ የሚል ታሪክ ነበር፤ ችግሩ አንዱም እውነት አለመሆኑ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ያነበብነው በስልክ ላይ፣ በእንግሊዝኛ ነው። በ2011 ማንም ያልከፈላቸው ወዳጆች ጽሑፉን በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት ነበር። ጉዱ ያን ጊዜ ወጣ። «ክፉው ወንድም» ወንድምም ክፉም አይደለም፤ የካስታርድ መንግሥት ልዑል ሪቻርድ ይባላል፣ የልጅነት ባልንጀራና ተፎካካሪ ነው፤ የእኛ ልዑል በሻሞላ ግጥሚያ አንድም ቀን አሸንፎት አያውቅም። የእኛው ደግሞ የሳብሌ መንግሥት ልዑል ነው። ሁለቱም የሚሽቀዳደሙት የሚልፈይን መንግሥት የወረረውን ደላሪን የተባለ ገዢ ወግተው ልዕልት ቲራሚሱን ለማዳን ነው። እንቁራሪትነቱም የአባት እርግማን ሳይሆን ከአንዲት ጠንቋይ መድኃኒት የመጣ ነው። መንግሥታቱ ሁሉ ብስኩት፣ ክሬምና ኬክ ናቸው፤ ሚልፈይ ማለት በኬክ ቤቶቻችን መስተዋት ውስጥ የምናየው ድርብርቡ ኬክ ነው። እኛ በሐዘን ያነበብነው ለካ ቀልድ ኖሯል!

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ቋንቋውን ሳናውቅ የገባን የሥራው አካል ነው፤ መዝለሉ፣ መውደቁ፣ መዘግየቱ። ያልገባን ድምፁ ነው፤ ደራሲው እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ። ቃል የሌለው ሰው ታሪኩን ያገኛል፤ አነጋገሩን ግን አያገኝም። «ጌም እኮ ቋንቋ አያስፈልገውም» የሚሉንን ከእንግዲህ አናምናቸውም።

ወደ ቅርጹ እንምጣ። የሥራው ዋና ብልሃት ሦስት አካል ነው። ልዑሉ ሰው ሲሆን ይዋጋል። እንቁራሪት ሲሆን ከሰው ከፍ ብሎ ይዘላል፣ ከእንቁራሪቶችም ጋር ይነጋገራል። ኋላ ደግሞ እባብ ይሆንና ሰው በማያልፍበት ጠባብ ቦታ ይሽሎከለካል። እያንዳንዱ አካል አንዱን በር ሲከፍት ሌላውን ይዘጋል። ውጊያው ደግሞ ከሁሉ ይገርማል። ጠላትን ስትነካው ሁለቱ በአቧራ ውስጥ ይናጣሉ፤ አንተ ከጥቂት ምርጫ በቀር እጅህን አጣጥፈህ ታያለህ። ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ያለህ የልብ ቁጥር፣ ጉልበትና ፍጥነት ነው። ከመካከላችን ግማሹ «ይኸ ምኑ ጨዋታ ነው! እጄ ምን ሠራ?» አሉ፤ ትችታቸውም ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ድፍረትና ቅልጥፍና ዋጋ ያጣሉ። ሌሎቻችን ደግሞ ውጊያው የተቆለፈ በር ነው አልን። የተሸነፍከው ስለሰነፍክ አይደለም፤ ማየት የነበረብህን ስላላየህ፣ መሄድ የነበረብህ ቦታ ስላልሄድክ ነው። ጨዋታው የሚፈትነው እጅን ሳይሆን ዓይንን ነው። በዚህ አልተስማማንም።

በአንድ ድካሙ ግን ሁላችንም ተስማምተናል። ልዕልቲቱ ሽልማት ናት። ሁለት ልዑላን የሚሽቀዳደሙላት ኬክ ናት ብንል ከስሟ አንርቅም። ደራሲዎቹ በሌላው ሁሉ ሲቀልዱ በዚህ አሮጌ ልማድ ላይ ለመቀለድ ድፍረት አነሳቸው።

አሁን ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። «ያልታወቀ» ሲባል ለማን? የሥራው ርዕስ የኸሚንግዌይን የ1940 ልቦለድ፣ «ደወሉ የሚደወለው ለማን ነው» የሚለውን ርዕስ አጣሞ የሚቀልድ ነው። እስቲ ልብ እንበል! በ1992 አንድ ጃፓናዊ ልጅ በአራት የባትሪ ድንጋይ በሚሠራ መጫወቻ ርዕስ ላይ አንድ የአሜሪካ ልቦለድ ርዕስ ተጣሞ ያያል። ደራሲዎቹ አንባቢያቸው ቀልዱ እንደሚገባው ያውቃሉ። ባይገባውም ግድ የለም፤ ታላቅ ወንድሙ ይነግረዋል። ይህ ቀልድ የተቀለደው ለጎረቤት ነው፤ በጃፓንኛ፣ የጃፓንኛውን ትርጉም ርዕስ ይዞ። ስለዚህም ሞቅ ያለ ነው። ለዓለም ሁሉ እንዲገባ ታስቦ ቢጻፍ ኖሮ መጀመሪያ የሚሰረዘው ይኸው ርዕስ ነበር።

የሚያስቀው ደግሞ ሪቻርድ ራሱ ሾልኮ መውጣቱ ነው። በ1993 ኒንቴንዶ ባወጣው በሌላ የታወቀ የዜልዳ ሥራ ውስጥ፣ እንቁራሪቶች በሚንጫጩበት ቤት የሚኖር ሪቻርድ የሚባል ሰው አለ። ያ ሥራ ወደ ውጭ አገር ተሽጧልና ብዙ የውጭ ልጆች ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ሪቻርድን ተዋውቀውታል። ከጎረቤት ልቦለድ የመጣ እንግዳ ነው፤ እነሱ ግን የቤቱ ሰው መስሏቸዋል።

በእኛስ? ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ለማን ጻፉት? መጽሐፉን ያላነበበው እንኳ በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምቶታል። በውጭው ዓለም መደርደሪያ ግን ስንት ጊዜ ይገኛል? የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተመ፤ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ በውጭ አገር አሳታሚዎች የወጣው በ2025 ነው። አርባ ዓመት አልፎታል። ታዲያ «ኦሮማይ» እስከ 2025 ድረስ ያልታወቀ መጽሐፍ ነበር? እዚህ አገር እንዲህ ቢባል ያስቃል። «ያልታወቀ» የሚለው ቃል ስለ መጽሐፉ ምንም አይነግረንም፤ የሚነግረን ተናጋሪው የት እንደቆመ ነው።

ይሁን እንጂ ራሳችንን እንዳናታልል። ያልታወቀ ሁሉ ዕንቁ አይደለም። በዚያ ዘመን በጃፓን ለእጅ መጫወቻ ከተሠሩት ብዙዎቹ የካርቱን ስም ለጥፈው የተቸበቸቡ ናቸው፤ ቢረሱ ማንም አይጎዳም። እዚህም ታላላቆቻችን በዘጠናዎቹ የሚያስታውሱት የእጅ መጫወቻ ብዙውን ጊዜ ጌም ቦይ ሳይሆን ብሪክ ጌም ነበር፤ የሚወድቁ ጡቦችን የሚያስደረድረው፣ ሽፋኑ ላይ 9999 ጨዋታ አለኝ እያለ የሚዋሸው ርካሽ ዕቃ። ያንን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሠራውን ሰው ግን ማንም አያውቅም። መታወቅና መልካምነት አብረው አይሄዱም፤ አለመታወቅና መልካምነትም እንዲሁ።

ሁለተኛው ጓደኛችን ያነሣው ምክንያት ድህነት ነበር። «በምን አቅማችን?» አለ። ለዚህ የምንመሰክረው ጉንፔይ ዮኮይን ነው። ይህ ሰው በኒንቴንዶ ይመራው የነበረው ክፍል ነው ጌም ቦይን የሠራው፤ እንቁራሪቱንም ከኢንተሊጀንት ሲስተምስ ጋር ያወጣው ይኸው ክፍል ነው። የዮኮይ መመሪያ፣ በእኛ አነጋገር፣ የጠወለገውን ቴክኖሎጂ ይዞ ወደ ጎን ማሰብ ነበር። አዲሱንና ውዱን ትተህ ርካሹን፣ የታወቀውን፣ ሌሎች የጣሉትን ታነሣለህ፤ ከዚያ ማንም ያላሰበውን አገልግሎት ትፈልግለታለህ። በ1980 የወጣው ጌም ኤንድ ዎች ሐሳቡ የመጣለት፣ ራሱ እንደሚተርከው፣ ባቡር ውስጥ አንድ ሰው ጊዜ ለመግደል በካልኩሌተር ሲጫወት አይቶ ነው። የ1990ው የሴጋ ጌም ጊር ቀለም ነበረው፣ ብርሃን ነበረው፤ ነገር ግን ስድስት ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ይበላ ነበር። ግራጫው ጌም ቦይ ረታው። ኋላ ከመጣው ባለ ቀለሙ ወንድሙ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ዮኮይ ሁልጊዜ አልረታም። የ1995ቱ ቨርቹዋል ቦይ ከሸፈ። በ1996 ኒንቴንዶን ለቆ ኮቶ የተባለ ትንሽ ድርጅት አቋቋመ፤ በጥቅምት 1997 በመንገድ ላይ አደጋ ሞተ። የመጨረሻ ሐሳቡ ዋንደርስዋን ሆኖ ባንዳይ በ1999 አወጣው። አንድ ድንጋይ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ በቁምም በአግድምም ይያዛል። አብሮት የወጣው አንደኛው ጨዋታ በሟቹ ስም «ጉንፔይ» ተባለ። ስባሪ መስመሮች ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ አንተ ወደ ላይና ወደ ታች እያለዋወጥክ ከግራ ግድግዳ እስከ ቀኝ ግድግዳ ስታገናኛቸው ይጠፋሉ። በስልክ ሞክረነዋል። ታሪክ የለውም ማለት ይቻላል፤ ግን ስንኝ የሚጽፍ ሰው ይገባዋል፤ ዳር ያልደረሰ መስመር ምንም ቢያምር አይቆጠርም።

ዋንደርስዋንም ከጃፓን አልወጣም፤ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ተሸጦ «ያልተሳካለት» ተባለ። ሦስት ሚሊዮን ተኩል! ይኸን ስናነብ ጓደኛችን ራሱ ሳቀ። እንዲህ ያለ አለመሳካት ለሁላችን ይድረሰን። በ2000 ደግሞ ዋንደርዊች የተባለ መሣሪያ ወጥቶ ተራ ሰው የራሱን ጨዋታ ጽፎ በዋንደርስዋን እንዲያስኬድ አስቻለው። ይህን መጽሔት በማባዣ መኪና እያዞሩ ጣታቸውን ቀለም የሚያስነኩ ባልደረቦቻችን ነገሩ አዲስ አይሆንባቸውም።

ሦስተኛው ምክንያት ፊደል ነው። «የጃፓኑ ካና 46 ምልክት ነው፤ የእኛ ሠላሳ ሦስት በሰባት፣ 231 ነው፤ የት ይገባል?» ተባለ። ካናም እንደ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት የሚይዝ ነው፤ ቁጥሩ ግን አነስተኛ ነው፣ በሁለት ዓይነት አጣጣል ቢጻፍም እንኳ። ጌም ቦይ ሥዕሉን የሚሠራው 8 በ8 ነጥብ በሆኑ ሰድሮች ሲሆን በአንድ ጊዜ የሚይዘው 384 ሰድር ነው። ባለ ካሬ ደብተር አውጥተን ሞከርን። ሀ እና በ በ8 በ8 ገቡ። ጨ አስቸገረን፤ ዧማ አይነሣ! ሁለት ሰድር ደርበን 8 በ16 ስናደርገው ግን ሁሉም ይነበባል። ፊደሉን ሁሉ መሸከምም አያስፈልግም። መስተዋቱ ወርዱ 20 ሰድር ነው፤ ክፈፉ ሲቀነስ 18 ይቀራል፤ ሁለት መስመር ንግግር ከ36 ፊደል አይበልጥም። የዚያን ንግግር ፊደላት ብቻ ማምጣት ይበቃል። «ደወሉ ለእንቁራሪት ይደወላል» ክፍተቱ ተቆጥሮ 17 ነው፤ በአንድ መስመር ይገባል፣ አንድ ቦታም ይተርፋል! ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ከታይፕ መኪና ጋር ሲያስታርቁም የተነሣው ይኸው «አይገባም» ነበር። ፊደላችን በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ መዝገብ የገባው በ1999፣ ዋንደርስዋን በወጣበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ «አይገባም» ማለት ምክንያት መሆኑ ቀርቷል።

እንግዲህ አቋማችን ይኸ ነው። እንቁራሪቱ ያማረው ስላልታወቀ አይደለም፤ ለሚያውቀው ሰው ስለተጻፈ ነው። ወደ እኛ የደረሰውም ደራሲዎቹ እኛን ስላሰቡ ሳይሆን ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የወደዱት ሰዎች ስለተረጎሙት ነው። ደራሲ ለቤቱ ይጻፍ፤ የማድረሱ ሥራ የአንባቢና የተርጓሚ ነው። ይህ ደግሞ በእኛም ላይ ዕዳ ይጥላል። የምንወደውን የጓደኛችንን ግጥም ስንቶቻችን ወደ ኦሮምኛ፣ ወደ ሱማልኛ፣ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ሞክረናል? ከደጃችን ያለውን የሱማልኛ ማስታወቂያ እንኳ አላነበብነውም። «ማን ያውቀኛል?» ብሎ ሲጠይቀን ወቀሳው ለእኛም ነበር።

ጓደኛችን ተረታ አንልም፤ ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ባለ ካሬውን ደብተር ይዞ ሄደ። ሰዎቹ በአንድ ጊዜ ከ36 ፊደል በላይ የማይናገሩበት አጭር ልቦለድ በአማርኛ እየሞከረ መሆኑን ሰምተናል። ሲያልቅ እዚሁ እናትመዋለን፤ ከከፋም እዚሁ እንተቸዋለን።

በቤቱ ጥግ እንዲህ ያለ አሮጌ ካሴት የወደቀበት አንባቢ ካለ ያምጣልን፤ ቋንቋው ምንም ይሁን። በውጊያው ጉዳይ ከየትኛው ወገን እንደሆነም ጨምሮ ይጻፍልን።